የድልድዩ ኖራ

ትናንት ጨሞጋ ወንዝ ወርጄ፣ ሠራተኞች የጥንቱን የድንጋይ ድልድይ ሲጠግኑ ደረስኩ። በውሃ የተለወሰው ኖራ ሲሸተኝ የሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

እናቴ የሞተችበት ክረምት ነው። የቅኔ መምህሩ አባቴ፣ ሊያጽናኑት ለመጡት ጎረቤታችን ቄስ «ኖራ ቢሆን ይህ ቤት አይፈርስም ነበር» ሲላቸው ሰማሁ። እውነትም የጭቃ ግድግዳችን ተሰንጥቋል። ድልድዩን ከጎርፍ ያዳነው ኖራ መሆኑን ደግሞ ራሱ ነግሮኛል። ስለዚህ ማንኪያ ይዤ ወረድኩና ከድንጋዮቹ መሃል እፍቅ ጀመር።

አባቴ ሲፈልገኝ ቆይቶ እዚያው አገኘኝ።

«ምን እየሠራሽ ነው፣ ልጄ?»

«ኖራ እየወሰድኩ ነዋ፣ አባዬ። ቤታችን እንዳይፈርስ።»

አጠገቤ ቁጭ አለ። ከዚያ ያቺን እፍኝ የማትሞላ ዱቄት በጋቢው ጫፍ ቋጠራት። ቤት ስንደርስ በውሃ ለወሳትና ስንጥቁ ላይ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ለጠፋት።

«በቃ፣ አሁን አይፈርስም» አለኝ።

ስለ እናቴ፣ «በሕይወት ኖራ ቢሆን» ማለቱ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ግድግዳው ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ተመርጓል። አባቴ ግን ያቺን ነጭ የጣት አሻራ ማንም እንዲሸፍናት ፈቅዶ አያውቅም።