ሞተር አጥፍቶ ሰላምታ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ጀልባዋ ላይ አራት ነበርን። የማሻገሪያ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ጋሽ ሙላት ከኋላ፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው። ቄስ አዱኛ ከፊት፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው። እትዬ እናኒቱ ከቄሱ አጠገብ፣ ሁለት ዶሮ ታቅፈው። እኔ መሃል፣ መቅዘፊያው ላይ።

ከዳባት በታች ያለው ግድብ ውሃ ሲይዝ የገበያ መንገዳችን ከሥሩ ቀረ። ዙሪያውን በእግር ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ በጀልባ ሩብ ሰዓት። ኮሚቴው አንድ የብረት ጀልባ አስመጣ። ቀዛፊ ሲፈለግ ከእኔ ሌላ እጁን ያነሳ አልነበረም።

ቀዘፋን የተማርኩት ከስልክ ቪዲዮ ነው። ጭነት መሃል ይቀመጣል። ከሰባት ሰው በላይ አይሳፈርም። ቀዛፊው ጀርባውን ለሚሄድበት አቅጣጫ ይሰጣል። ይህን ሲያዩ ጋሽ ሙላት፣ "ወደ ፊት የማያይ ሾፌር አመጣሁላችሁ" አሉ።

እትዬ እናኒቱም ስቆጥር ሰምተው፣ "ዶሮዎቼስ ስንት ሰው ናቸው?" አሉኝ።

አሰብኩበትና፣ "ሁለቱ አንድ ላይ ከአንድ ሕፃን ያንሳሉ" አልኩ። እስካሁን ይስቁብኛል።

በሁለተኛው ዓመት ያሬድ መጣ። የደባርቅ ልጅ ነው። በሞተር ጀልባ ሙሽሮችን ውሃው ላይ እያዞረ ቪዲዮ ያስቀርጻል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ፍጥነት ግን ይወዳል። አጠገባችን ሲያልፍ ሞገዱ ጀልባዬን እንደ ወንፊት ይነፋታል። አንድ ቀን የእትዬ እናኒቱን የገብስ ዘር ከነከረጢቱ አራሰው።

ጋሽ ሙላት ጠሩኝ። "ስማ፣ ከእንግዲህ አንድ ሰው ውሃ ከነካው፣ ጀልባዋን አውጥቼ የከብት ገንዳ ነው የማደርጋት። ሰው ሰምጦ ከሚቀር በእግሩ ይዙር።"

ይህን ሲሉ አልሳቁም። እትዬ እናኒቱ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ጀልባዋ ከቆመች ለእርሳቸው ገበያ ቀረ ማለት ነው።

ስድስት አንቀጽ ያለው ደንብ በሰሌዳ ጽፌ ዳር ላይ ተከልኩ። ያሬድ የጀልባውን ገመድ አሰረበት።

ፊሽካ ገዛሁ። ሦስት ጊዜ ከነፋሁ፣ ፍጥነት ቀንስ ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን ስነፋ ሠርገኞቹ ለጭፈራው መሰላቸውና በእልልታና በእስክስታ መለሱልኝ። ያሬድም እነርሱን ለማስደሰት ሁለቴ ዙሪያችንን ዞረ።

ከዚያ ያ የጥር ቅዳሜ መጣ። እነዚያው ሦስቱ ተሳፍረዋል።

"መጣልህ ወዳጅህ" አሉ ጋሽ ሙላት። ያሬድ ከጀርባዬ ነበርና አላየሁትም። ፊሽካዬን ስፈልግ ቄስ አዱኛ "ተወው" አሉኝና መስቀላቸውን አወጡ።

"አይነሱ፣ አባ!" አልኩ።

ሳይነሱ መስቀሉን ከፍ አደረጉት። "ያሬድ! እንደምን ዋልህ?"

ሞተሩ ያጓራል። ያሬድ እጁን አወዛወዘ።

"አልሰማሁህም! እንደምን ዋልህ?"

"ቄሱ ሰላም እያሉህ!" ብላ ከእርሱ ጀልባ ላይ ሙሽራዋ ጮኸች። "አጥፋው እንጂ፣ አታፍርም?"

ሞተሩ ጠፋ።

"ደህና ዋሉ፣ አባ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እናትህ ደህና ናት? ቤቱ? ላሞቹ?"

"ላም የለንም፣ አባ። ከተማ ነን።"

"እንግዲያ ጎረቤቶችህ?"

እርሳቸው ሲጠይቁ፣ እርሱ ሲመልስ፣ ሞገዱ ሞተ። ጀልባዎቹ ቀስ ብለው ጎን ለጎን ሆኑ።

"አባትህ" አሉ ቄስ አዱኛ፣ "በበቅሎ ሲሄዱ ሽማግሌ ካገኙ ሳይወርዱ አያልፉም ነበር። ያንተ በቅሎ ይህ ሞተር ነው። ውረድ እንጂ።"

ያሬድ አንገቱን ደፋ። ሠርገኞቹ ግን መስቀል ሊሳለሙ በአንድ ጊዜ ወደ እኛ ተጋፉ፤ ጀልባቸውም አብራ አዘነበለች።

"አንድ በአንድ!" ብዬ ጮህኩ። ድምፄ እንዲህ ትልቅ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ። ሁሉም ደንግጠው ተቀመጡ፤ በየተራም ተሳለሙ።

ስንወርድ ጋሽ ሙላት የእትዬ እናኒቱን ነጠላ አዩ። ጫፉ ረጥቧል። ሁላችንም የከብት ገንዳው ታወሰን።

"ምነው?" አሉ እትዬ እናኒቱ። "የነጠላ ጫፍ ሰው ነው እንዴ? ቆጣሪያችን ይንገረን!"

ጋሽ ሙላት ወደ እኔ ዞሩ። "ስንት ሰው ነው?"

"ከዶሮ ያንሳል" አልኩ።

ጋሽ ሙላት ከዚያ ማስጠንቀቂያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ጀልባዋ ዛሬም ውሃ ላይ ናት።

ያሬድ አሁን ከሩቅ አጥፍቶ ይጠብቀናል። እኔም እናቱንና ጎረቤቶቹን መጠየቅ ተምሬያለሁ፤ ከፊሽካው ይልቅ ይህ ከብዶኝ ነበር። ከሰሌዳው ላይ ስድስቱን አንቀጽ ፍቄ አንድ ጻፍኩ፦ ሞተር አጥፍተህ ሰላም በል።

የተማርኩት ይህ ነው፦ ሰው አዲስ ደንብ ይረሳል፤ ያደገበትን ሰላምታ አይረሳም።

ያን ቀን ውሃው ላይ የነበራችሁ፣ የጎደለውን ጨምሩበት። ያሬድ፣ ሞተሩን ልታጠፋ እጅህን የሰደድከው ሙሽራዋ ስትጮህ ነው ወይስ ከዚያ በፊት? እትዬ እናኒቱ፣ የረጠበው የቀኝ ጫፍ ነበር የግራ? እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር።