ጨረቃን በጣታቸው የሚቆጥሩት ሽማግሌ

ስልኩን ከእጁ የማይለየው ጌታነህ፣ ከንፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከማያውቃቸው ሽማግሌ ጎን ተቀምጧል። ኩታቸው በየቦታው በጥቁር ክር ተሰፍቷል፤ ጭናቸው ላይ የብራና ጥቅልል ይዘዋል፤ የቀኝ አውራ ጣታቸው ቀለም ጠጥቶ ጠቁሯል። በዚያ ጣት የግራ እጃቸውን የጣት አንጓዎች አንድ በአንድ እየነኩ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

ሬዲዮው ጨረቃ ላይ የሰው መኖሪያ ሊሠራ መታቀዱን ተናገረ።

«እኛ ሰፈር ቧንቧ ሳይገባ?» አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

«መሬት ከመሩ እኔም ልመዝገብ!» አለ ሾፌሩ።

ጌታነህም ለማሳቅ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አባባ፣ ምን ይቆጥራሉ? የጨረቃ መሬት ደርሶዎት ነው?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም።

«ጨረቃዋን ነው፣ ልጄ። ሰው ሊሰፍርባት ከሆነ ዕድሜዋን ማወቁ አይከፋም። ዛሬ አሥራ ሦስት ሌሊቷ ነው። እስኪ ስልክህ ላይ አንብብልኝ፤ ተሳስቼ እንዳይሆን።»

ጌታነህ በስልኩ ከመደወል ሌላ አያውቅም። ማንበብ አይችልም፤ ይህንንም ለሰው ተናግሮ አያውቅም። ሁሉም ዞረው ይጠብቁታል። ጣቱን መስተዋቱ ላይ እንዲያው ወዲያ ወዲህ አንሸራተተ።

ሽማግሌው ጣቱን አዩና ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«ተወው፣ ልጄ። መኪናው ያንገጫግጫል፤ ዓይን ያማል» አሉ ጮክ ብለው።

መንገዱ ግን እዚያ ጋ ለስላሳ አስፋልት ነበር።

ሽማግሌው ቤተ ልሔም መገንጠያ ሲወርዱ ጌታነህ ጥቅልላቸውን ተሸክሞ አወረደላቸው። «ይቅር ይበሉኝ» ሊል አፉን ከፈተ።

«ቀስ ይበሉ፣ አባባ» ብቻ አለ።