ላሟ ያላወቀችው ማርሚታ

ሞያሌ ውስጥ ያረጁ መኪኖችን የምጠግን ፉንዲ ነኝ። አንድ የጎዶማ አካባቢ ከብት አርቢ ሽማግሌ ፒካፓቸውን ለፍሬን አመጡልኝ። የጭስ ማውጫው የተቀደደ ማርሚታ ጩኸቱ ስላሰለቸኝ፣ ሳይጠይቁኝ በየድኩላቸው። ምርቃት ስጠብቅ፣ በማግስቱ አንዲት ላም ለምስክርነት ጭነው መጡ።

«ፉንዲ፣ ምን አደረግኸኝ? ከብቶቼ ውሃ ይዤ መምጣቴን የሚያውቁት በዚያ ድምፅ ነበር። ትናንት አንዷም ዞር ብላ አላየችኝ!»

ደሜ ፈላ። መሰርሰሪያ አንስቼ ማርሚታውን በሳሁት። ላሟን በሩ ላይ አስረው ሞተር አስነሱ። ላሟ ማመንዠኳን ቀጠለች።

«አላወቀችውም» አሉኝ።

ቀዳዳውን አሰፋሁት። አሁንም ዝም። በንዴት በመዶሻ ስሸነቁረው ጋራዡ በሞተሩ ጩኸት ተናወጠ። ላሟ ጆሮዋን አቁማ «እምቧ!» ስትል ገመዱን ልትበጥሰው ነበር።

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። «ተባረክ! አሁን ገና ተጠገነ።»