ሀዌል ፓሪ ያላነሳው መዝሙር

ሀዌል ፓሪ በዚያ ቅዳሜ አፉን የዘጋው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ተናዶ ነው ወይስ በራሱ? መልሱን የሚያውቅ የለም።

ሀዌል በሰሜን ዌልስ ተራራ ላይ የጣሪያ ድንጋይ ፈላጭ ነበር። በጸሎት ቤቱ ደግሞ መዝሙር የሚያነሳው እሱ ነው። ኦርጋን ስለሌለ እሱ ካልጀመረ ጉባኤው አይዘምርም።

በወጣትነቱ የዌልሱን ፖለቲከኛ ሎይድ ጆርጅን በትከሻው ተሸክሞ ጨፍሯል። ጫማ ሰፊ አጎቱ ያሳደገው ጠበቃ፣ ባለርስቶችን ስለ ድሃው የተሟገተ፣ እንግሊዝ በደቡብ አፍሪካ ያደረገችውን ጦርነት ያወገዘ፣ ለሽማግሌዎች ጡረታ ያስቆረጠ፤ ምን ይወጣለታል? ምስሉ በየቤቱ ከሰባኪ ምስል ጎን ተሰቀለ። ከጀርመን ጋር ጦርነት ተነስቶ ያው ሰው "ዝመቱ" ማለት ሲጀምርም ሀዌል ልጁን ኤምሪስን፣ "በኛው በዌልስ ቋንቋ ነው የሚናገረው። እንግሊዞቹን ይዋሻቸው ይሆናል እንጂ እኛን አይዋሸንም" አለው። ኤምሪስ ፈረንሳይ አገር ጫካ ውስጥ ቀረ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ሰውየው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

ጦርነቱ እንዳበቃ ምርጫ መጣ፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩ እጩ በጸሎት ቤቱ ሊናገር ተነሳ። ስብሰባ ያለ መዝሙር አይከፈትም። ለሀዌል ከልጁ ሞት ወዲህ የቀረችው ደስታ ይህችው መዝሙር ማንሳት ነበረች፤ እምቢ ካለ እሷንም እንደሚቀሙት ያውቃል።

"አንሳው እንጂ" አለው የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ቲዶር፣ "ሰው እየጠበቀ ነው።"

"ይጠብቅ።"

"ጉሮሮህን ያዘህ እንዴ?"

"ጉሮሮዬ ደህና ነው። የጠገበው ጆሮዬ ነው።"

እጩው ፈገግ ብሎ ራሱ ጀመረው፤ ግን ድምፁን ሰማይ ላይ ሰቀለው። ወንዶቹ ተከትለው መውጣት አቃታቸው፤ ሴቶቹ ብቻ ጥቂት ታግለው ተዉት።

"እንደ አለቃው ነው" አለ አንዱ ከሰገነቱ፤ "ላይ ሰቅሎን ይሄዳል።"

ሳቁ እጩውን አላስጨርሰው አለ። ቲዶር ወደ ሀዌል ጎንበስ ብሎ፣ "ከነገ ጀምሮ ከፊት ወንበር እንዳላይህ" አለው።

"አውቄው ነው የመጣሁት።"

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሎውሪ እሳት ዳር ተቀምጣለች።

"አነሳህላቸው?"

"አላነሳሁም።"

"ነገ ማን ሊያዘምረን ነው ታዲያ?"

"እንጃ።"

የሰውየውን ምስል ሊያወርድ ወደ ግድግዳው ዞረ። በፍሬሙ መስታወት ውስጥ ያለው ግን የኤምሪስ ምስል ነበር።

"ያኛውን እሳት ማያያዣ አድርጌዋለሁ" አለች ሎውሪ፤ "እንጨቱ ጥሩ ስለሆነ ፍሬሙን አስቀረሁት። በል ጫማህን አውልቅ።"

አንዱን አወለቀ። ልጁ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ በወጉ ወስዶት አያውቅም። ሌላውን ጫማ እንዳደረገ፣ የታኅሣሥ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትገባ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ተኛ።