ማክሰኞ የገባው ልጅ

ሪጽፋ ያልናት እኛ ነን። እናት አባቷ ያወጡላትን ስም ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚጠራው የለም። በሆስፒታሉ አስከሬን ክፍል አሥራ አራት ዓመት ሬሳ አጥባለች፣ ወለል ወልውላለች። እኔ በሩ አጠገብ ካለችው መስኮት ኋላ ተቀምጬ የሚገባውን ሬሳ ካርድ እጽፋለሁ፤ ካርዶቹ በገቡበት ቀን በየሳጥኑ ይቀመጣሉ። ቁጡ ነኝ ይላሉ፤ ከምናስተናግዳቸው ግን አንድም አጉረምርሞ አያውቅም።

ባሏ ለሥራ ሩቅ አገር ሄዶ እዚያው ሞተ። እሷ ስትደርስ ወገን የሌለው ነው ተብሎ ተቀብሯል፤ ጉድጓዱን እንኳ የሚያሳያት አጣች። ከዚያ ወዲህ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የሙጥኝ አለች። ሪጽፋ የምትባል ሴት ናት፤ ልጆቿ ተሰቅለው ሬሳቸው ሜዳ ላይ ሲጣል፣ ከመከር ጀምሮ ዝናብ እስኪዘንብ ድረስ ድንጋይ ላይ ማቅ አንጥፋ ቀን ወፍ፣ ሌሊት አውሬ ስትከላከል የቆየች። የእኛዋ ማንበብ አትችልም፤ ሲሰበክ ሰምታ ነው።

"ሰባት ነበሩ እኮ" ትለኛለች እየወለወለች። "የሷ ሁለቱ ብቻ ናቸው። አምስቱ የሌላ ሴት ልጆች ናቸው፤ እነሱንም ጠበቀቻቸው።"

ደንባችን አጭር ነው። ጠያቂ የሌለው ሬሳ አሥር ቀን ይቆያል። በማግስቱ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና መጥቶ ይወስደዋል፤ የት እንደሚቀበር የሚነግረን የለም። ሪጽፋ ቁጥር መጻፍ ብቻ ታውቃለች። አሥሩ ቀን ሲሞላ ካርዱ ላይ ያለውን የገባበትን ቀን በምላጭ ትፍቅና በሰባት ቀን ገፍታ ትጽፈዋለች፤ ከዚያ ካርዱን ወደ አዲሱ ቀን የካርድ ሳጥን ታዛውረዋለች። አንድ ቀን እጅ ከፍንጅ ያዝኳት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ከሥራ ልታስወጪኝ ነው?"

"ዘመዶቹ መንገድ ላይ ያሉ ቢሆኑስ ወንድሜ?"

እውነቷን ነበር። ሁለት ጊዜ በጨመረችው ቀን ውስጥ ቤተሰብ መጥቶ ሬሳውን ወስዷል። ከዚያ በኋላ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ያ ልጅ ማክሰኞ ገባ። መኪና ገጭቶት ነው፤ ኪሱ ባዶ፣ ዕድሜው ሃያ ቢሞላ ነው። ሪጽፋ አጥባ ፀጉሩን አበጠረችለት፤ የምሳ ሰዓቷን እሱ አጠገብ ትቀመጥ ጀመር። በአሥረኛው ቀን ካርዱን ፋቀች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እናቱ መጣች። ማክሰኞ መኪና የገጨው ወጣት እዚህ መጥቷል ብለው ፖሊሶች ቀኑን በወረቀት ጽፈው ሰጥተዋታል። የዚያን ማክሰኞ የካርድ ሳጥን ሳብኩ፤ ባዶ ነው። የሚቀጥለውን መሳብ ነበረብኝ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበርና አልሳብኩም።

"የለም እናቴ። በዚያን ቀን የገባ የለም።"

ሁለቴ አስደገመችኝ። ከዚያ በመስኮቱ ቀዳዳ እጄን ስባ ሳመችኝ። "ተመስገን፣ ልጄ አለ ማለት ነው" አለች። እየሳቀች ሄደች። ሪጽፋ ከኋላ ክፍል ስትወለውል ይህን አልሰማችም።

አንድ ወረቀት ሁለቴ አይፋቅም፤ ይቀደዳል። ቀኑ ሲሞላ መኪናው ልጁን ወሰደው።

እናትየዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰች። ፖሊሶች የሬሳውን ፎቶ አሳይተዋታል፤ ልጇ ነው። ያን ማክሰኞ የገባ የለም ተብላ ከዚሁ መስኮት መመለሷን ተናገረች። ሪጽፋ ፎቶውን ስታይ ባልዲዋን አስቀመጠች። ዝም እንድትል በዓይኔ ለመንኳት፤ አላየችኝም ወይም አልፈለገችም።

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት እህቴ" አለች። "እንዲቆይልሽ ብዬ ካርዱን ፋቅሁት። ማንም አላወቀም፤ እኔ ብቻ ነኝ። እዚህ እስካለ ድረስ ከአጠገቡ አልራቅሁም።"

እናትየዋ እስክትጨርስ ሰማቻት። የት እንደተቀበረ ጠየቀች፤ ሁለታችንም አናውቅም። ፎቶውን ይዛ ወደ ሪጽፋ ዞረች።

"ምነው ባታዝኚለት ኖሮ" አለቻት፣ በቀስታ።

በሳምንቱ ሪጽፋን ከሥራ አባረሯት። ካርዱ እንደሚፋቅ አንተ ታውቅ ነበር ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ አላውቅም ብዬ ፈረምኩ።