መርፌ ጾም አያስገድፍም ያልኩ ዕለት

ሁለት ጎል ገባ፤ ሁለቱንም ሽንት ቤት ሆኜ በጩኸት ሰማኋቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። እንደ ልማዴ ጥልፌን ይዤ ጎረቤቴ ዘይነባ ቤት የእንግሊዝ ኳስ ለማየት ሄጃለሁ። ዘይነባ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ከደባርቅ ዛሪማ እየተመላለሰች ትሸጣለች። እኔ የቀዮቹ ደጋፊ ነኝ፣ እሷ የሰማያዊዎቹ፤ በዚህ ስንጨቃጨቅ ብዙ ዓመት ኖረናል። ያን ቀን ጨዋታው ሳያልቅ አምስት ጊዜ ተነሳሁ። «ጥሩዬ፣ ቡድንሽ ሲሸነፍ ላለማየት ነው እንዴ የምትሸሺው?» አለችኝ። ሳቅኩ። አንድ ጆግ ውኃ ብቻዬን ጨርሼ ገና ጠምቶኝ ነበር።

ከዚያ ክብደቴ ቀነሰ። መሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ «አማረብሽ፣ ምን አድርገሽ ነው?» ይለኛል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ደስታዬ ያበቃው ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ያቃተኝ ቀን ነው። ዓይኔ ጭጋግ ለብሶ ነበር። ባለቤቴ አያሌው መርፌውንና ክሩን ከእጄ ተቀበለና «ነገ ሆስፒታል ነው የምንሄደው» አለ። እምቢ ልል ነበር፤ ፊቱን ሳየው ግን ተውኩት።

የፈራሁትን አውቀው ነበር። ያደግኩት ዳባት ነው። አባቴ ስኳር ነበረበት። መጀመሪያ ጣቱ ሄደ። ቀጥሎ እግሩ። ከዚያ እሱ ራሱ። ስለዚህ ሐኪሟ ወረቀቱን ይዛ ስትመጣ ከእሷ ፊት ይልቅ የራሴን እግር ነበር የማየው።

«ስኳር ነው፤ ዓይነት ሁለት» አለች። በባዶ ሆዴ አራት መቶ አልፏል። ጠዋትና ማታ የምወጋው ኢንሱሊን፣ ማታ የምውጠው ሜትፎርሚን ታዘዘልኝ። እንዴት እንደሚወጋ አሳየችኝና «ከወጉ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይብሉ። የማይበሉ ከሆነ አይውጉ። በየቀኑም ይራመዱ» አለችኝ። ሦስቱንም ሰማሁ። ሁለቱን ያዝኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ መዝገብ ቤት ስለምሠራ ከሁለቱም ወገን ነኝ።

ከሁሉ አብልጬ የያዝኩት መራመዱን ነው። እግሬን ካንቀሳቀስኩት አይወስዱብኝም የሚል ሐሳብ ገብቶብኝ ነበር። ለአንድ ወር ተራመድኩ። አንድ ጠዋት ግን ብርዱ ጠናብኝና ለመሞቅ ያህል ሮጥ አልኩ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። የአያሌውን ቱታ ከቀሚሴ ሥር ለብሼ፣ ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አስሬ በሰፈሩ መሐል ሳልፍ አንዲት አሮጊት ከደጃቸው ብድግ ብለው «ኧረ በማርያም! ማን ሞተ?» አሉ። እኛ ዘንድ የእኔ ዕድሜ ሰው የሚሮጠው ወይ መርዶ ሊያደርስ ነው፣ ወይ ከብት ጠፍቶበት ነው። «ማንም አልሞተም እሜት፤ እኔ እንዳልሞት ነው» ብዬ አለፍኩ።

ሩጫው ያዘኝ። ዘይነባ ከልባሽ ጫማ መሐል ልኬን ፈልጋ አመጣችልኝ፤ ቀለሙ ሰማያዊ ነበር፣ ሆን ብላ ነው። ስሮጥ በልቤ የኳስ አስተላላፊ እሆናለሁ። «ጥሩወርቅ የባሕር ዛፉን ጥግ አልፋለች! ዳገቱ ከፊቷ ነው! ደጋፊው በሙሉ ተነስቷል!» እላለሁ። ደጋፊው ሁለት ውሾችና ገብስ የተጫነ አህያ ነው። በአምስተኛው ወር ስድስት ኪሎ ሜትር ያለ ዕረፍት ሮጥኩ። ዓይኔ ጠራ፤ ክሩን በራሴ እጅ አስገባሁ። ስኳሬ ወርዶ ሐኪሟ የመርፌውን መጠን ቀነሰችልኝ። አባቴን ያሸነፈውን በሽታ እኔ አሸነፍኩት ብዬ ኮራሁ።

ሁዳዴ ገባ። ከወለድኩባቸው ጊዜያት በቀር ሁዳዴን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ቀምሼ አላውቅም። ለክትትል ስሄድ ሐኪሟ «ጾሙን እንዴት ሊያደርጉ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ቀለል አድርጌ ነው የምጾመው» አልኳት። ውሸት ነበር። የንስሐ አባቴም ስኳር እንዳለብኝ እንጂ መርፌ እንደምወጋ አያውቁም፤ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ጾሙን እንደሚያስተዉኝ ስለማውቅ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ በሽታዬን አልደበቅኩም። ከሐኪሟ ጾሜን፣ ከካህኑ መድኃኒቴን ደበቅኩ።

ራሴው ዳኛ ሆንኩ። እንክብሉ ማታ ከምግብ ጋር ነው፤ ችግር የለውም። የጠዋቱ መርፌስ? መርፌ በአፍ አይገባም። በአፍ ያልገባ ነገር ጾም አያስገድፍም። ስለዚህ መርፌዬን በሰዓቱ ወግቼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እውላለሁ፤ ለመድኃኒቱም ለጾሙም ታማኝ ሆንኩ ማለት ነው። ይህን ሒሳብ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አልመከረኝም።

በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ሰዓት ገደማ ሲሆን እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያልበኛል። በትንሹ በትልቁ እቆጣለሁ። የጾም ድካም ነው፣ ድካሙ ሲበዛ ዋጋውም ይበዛል አልኩ። አያሌው «ፊትሽ አመድ መስሏል» ሲለኝ «ጾመኛ ምን እንዲመስል ፈለግህ?» ብዬ አፉን አስያዝኩት። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ የዓመት ፈቃድ ወሰድኩ፤ ለወትሮው ጠዋት ከመርፌው በፊት አደርገው የነበረውንም ሩጫ ወደ ረፋድ አዞርኩት።

ሐሙስ ነበር። መርፌውን ዐሥራ ሁለት ተኩል ላይ ወጋሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ወጣሁ። ከትናንት ማታ ወዲህ ምንም አልበላሁም። ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ ሮጥኩ። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል። እጄ ተንቀጠቀጠ። ብርድ ነው፤ ግን አላበኝ። ከንፈሬ ደነዘዘ። መንገዱ ሁለት ሆነ። ዳር ላይ ተቀመጥኩ። ቤቴ በየት በኩል እንደሆነ ጠፋኝ። ስሜን ለማስታወስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም። አልፈራሁም፤ ለመፍራት የሚሆን ሐሳብ እንኳ አልነበረኝም።

ቀጥሎ ያለውን ዘይነባ ናት የነገረችኝ። ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ ዛሪማ እየወረደች ነበር። መጀመሪያ ያየችው ሰማያዊውን ጫማ ነው። ጮኻ መኪናውን አስቆመች። እናቷ ስኳር ነበረባት፤ ላቤንና አስተያየቴን እንዳየች ገባት። ከተሳፋሪ ለስላሳ ተቀብላ ወደ አፌ አቀረበች። እኔ ጥርሴን ገጠምኩ።

«ጾም ነው» አልኩ አሉ። ስሜን ረስቼ ጾሙን አልረሳሁም።

«ኃጢአቱ በኔ ይሁን! እኔ ልጠየቅበት! አፍሽን ክፈቺ፣ እኅቴ፣ በፈጠረሽ ክፈቺ!»

ከፈትኩ። ግማሹ በደረቴ ፈሰሰ፣ ግማሹን ዋጥኩ። ሚኒባሱ ዞሮ ወደ ደባርቅ መለሰን። ተሳፋሪው በሙሉ ከመንገዱ ተመልሷል፤ አንድም ሰው አላጉረመረመም ብላኛለች።

ሆስፒታል ስንደርስ፣ ያን ጣፋጭ ጠጥቼም፣ ስኳሬ አርባ አንድ ነበር። በደም ሥሬ ግሉኮስ ሰጡኝ። ቀስ በቀስ ጣሪያው፣ መስኮቱ፣ የአያሌው ፊት ወደየቦታቸው ተመለሱ። ሐኪሟ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ዛሬ ምን በሉ?»

«ምንም።»

«መርፌውንስ?»

«ወግቻለሁ። መርፌ ጾም አያስገድፍም ብዬ ነው።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ሃይፖግላይሴሚያ ይባላል፤ የደም ስኳር ከልክ በታች ሲወርድ ማለት ነው። መርፌው የሚሠራው ምግቡን ተማምኖ ነው። ምግብ ካጣ እርስዎን ነው የሚበላው። ሩጫው ደግሞ የቀረችዎትን አሟጠጣት። ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ዛሬ እዚህ አናወራም ነበር» አለችኝ።

ስትወጣ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ልሞት ስለነበር አይደለም፤ ጾሜ ስለፈረሰ ነው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን የተሰማኝ ይኸው ነው።

ቤት ስመለስ አያሌው ጫማዬን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። «ሩጫ ቀርቷል! ሬሳሽን ከመንገድ አላነሳም» አለ። ድምፁ ተቆረጠና ወደ ጓሮ ወጣ። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀንም እንዳላየው ነው የወጣው።

በማግስቱ የንስሐ አባቴ ሊጠይቁኝ መጡ። ሁሉን ነገርኳቸው፤ መርፌውንም፣ ውሸቱንም። መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ልጄ፣ ኃጢአትሽን እየነገርሽኝ መድኃኒትሽን ሸሸግሽኝ?» አሉ። «ለታመመ ሰው ጾሙን የሚወስንለት አባቱ ነው እንጂ ራሱ አይደለም። አንቺ ግን ታማሚዋም አንቺ፣ ካህኑም አንቺ፣ ሐኪሙም አንቺ ሆንሽ።»

«ይፍቱኝ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ትበያለሽ። የጾም ምግብ ይሁን፤ ግን ሐኪሟ ባለችሽ ሰዓት ትበያለሽ። ቤተሰቡ ጾሞ አንቺ ስትበዪ ይከብድሻል። ያ የሚከብድሽ ነገር ጾምሽ ይሁን።»

እውነትም ከበደኝ። የመጀመሪያው ጠዋት አያሌው ራሱ በሶ በጥብጦ፣ ቂጣ ቆርሶ ፊቴ አስቀመጠልኝ። እሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምስም። እንዳላፍር ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት። «ወደኔ ዙር፣ ብቻዬን አልበላም» አልኩት። ዞረና አገጩን በእጁ ደግፎ እስክጨርስ ድረስ አየኝ። ከዚያ ወዲህ የሁዳዴ ጠዋታችን እንደዚሁ ነው፤ እኔ እበላለሁ፣ እሱ ያየኛል፣ ስለ ልጆቹም ስለ ሥራውም እናወራለን፤ ክብደቱ አልጠፋም፣ ግን ሁለት ሆነን ስለምንሸከመው ቀለል ብሏል።

ከትንሣኤ በኋላ ሐኪሟ ከአያሌው ጋር አስቀምጣኝ ሩጫ መድኃኒቴ እንጂ በሽታዬ እንዳልሆነ አስረዳችው፤ ከመሮጤ በፊት በግሉኮሜትር ስኳሬን እንድለካ፣ ከወረደ እንድበላ፣ ስኳር በኪሴ እንድይዝ፣ መርፌው በሚበረታበት ሰዓት እንዳልሮጥ አስተማረችን። ጫማው ከቁም ሣጥኑ ወጣ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አያሌው ብስክሌት ተበድሮ ከኋላዬ እየነዳ ይከተለኝ ነበር፤ ዳገቱ ላይ እሱ ወርዶ ሲገፋ እኔ ቆሜ እጠብቀዋለሁ፣ ከልቤም እስቅበታለሁ። ዛሬ ስምንት ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥልፌን ይዤ ዘይነባ ቤት ጎሉን ሁሉ ቁጭ ብዬ አያለሁ፣ ባይገባ የምመርጠውንም ጭምር።

ዘይነባ፣ የሰማያዊዎቹ ደጋፊ ብትሆኚም፣ ሕይወቴን ያተረፍሽው አንቺ ነሽ። ሐኪሜንም፣ የንስሐ አባቴንም፣ ስማቸውን የማላውቃቸውን የሚኒባሱን ተሳፋሪዎችም አመሰግናለሁ።

እንደኔ መርፌ የምትወጉና የምትጾሙ፣ በእኔ ይብቃ። ለሐኪማችሁ ጾማችሁን፣ ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለሼሃችሁ መድኃኒታችሁን ሳትሸራርፉ ንገሩ። መጠኑንም ሰዓቱንም በራሳችሁ አትለውጡ። መንቀጥቀጥና ላብ ሲመጣ ጽድቅ ነው አትበሉ፤ ወዲያው ስኳር ቅመሱ። እናንተም በታማሚው አጠገብ ያላችሁ፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ጣፋጭ ስጡት፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳትጨምሩ ወደ ሐኪም አሩጡት።

ይህን እስክጽፍ ድረስ ከቤተሰቤ ውጭ ነገሩን የሚያውቁ ጥቂት ሰዎች ናቸው። በየሁዳዴው ጎረቤት ጠዋት ሲያንኳኳ ሳህኔን ከአልጋ ሥር እከት ነበር። ለመሞት ያደረሰኝ ይኸው መደበቅ መሆኑን እያወቅኩ አሁንም እደብቅ ነበር። ስለዚህ የደባርቅ ሰዎች፣ ከእኔው ስሙት። እኔ ጥሩወርቅ በሁዳዴ ጠዋት እበላለሁ። ካንኳኳችሁ ግቡ፤ ሳህኔ ጠረጴዛው ላይ ነው።