የሽመልስ የሰርግ ኮት

ባለፈው ቅዳሜ የደረጀ ጓደኛ ሽመልስ ወደ ሱቃችን መጣ። ሱቃችን ስል የእኔና የደረጀ፣ የታላቅ ወንድሜ ማለቴ ነው፤ ኮልፌ፣ ከታክሲ ፌርማታው ገባ ብሎ ያለች ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት ናት። ደረጀ ካረፈ ሁለት ወር ሊሆነው ነው። እኔ ግን አሁንም "ሱቃችን" ነው የምለው። ሽመልስ ከፌስታል ውስጥ ጥቁር ሰማያዊ ኮት አወጣ።

"አንድ ቁልፍ ወልቆብኛል፤ ስፋልኝ" አለ።

ኮቱን ገና ሳይዘረጋው አወቅኩት። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እንዴት እንደሚጻፍም በደንብ አላውቅም። እንደመጣልኝ ልጻፈው።

ሰባት ዓመት ሆኖታል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ከደረጀ ጋር መሥራት ከጀመርኩ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እሰፋለሁ። ወንድሜ ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ አብሮ የሚውል ሰው ከወንድምነት ሌላ ነገርም ይሆናል። ጓደኛ ልበለው። ጥምቀት አልፎ የሰርግ ሰሞን ነበር። የጥር ፀሐይ፣ አቧራው፣ አበባ ታስሮባቸው ጥሩምባቸውን እየነፉ የሚያልፉ መኪኖች። ምሳችን እርጥብ የሚሉት ድንች የተሞላበት ዳቦ ነበር፤ ዘይቱ ጨርቅ እንዳይነካ በር ላይ ቆመን እንበላለን። ደረጀ እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ሳይታጠብ ወደ ሥራው አይመለስም።

ያን ሳምንት ለአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሴት ኮት ስንሰፋ ሰነበትን። ቅዳሜ ጠዋት ደረጀ የሽመልስን የሰርግ ኮት አንስቶ የቁልፍ ቀዳዳዎቹን ሠራ፣ ቁልፎቹንም ተከለ። ከዚያ ኮቱን እያገላበጠ ያይ ጀመር። ቀና ብዬ አየሁት።

"ብሬ፣ ና እስቲ ይህን ልበሰው።"

ለበስኩት። ልቆልፈው ስል ጣቶቼ ተደነባበሩ። በወንድ ኮት ቀዳዳው በግራ፣ ቁልፉ በቀኝ ነው። ይህ ተገላቢጦሽ ነበር። እጁ የሳምንቱን ሥራ ለምዶ እንደ ሴት ኮት ሠርቶታል።

"ሙሽሪት ናት እንዴ የምትለብሰው?" ብዬ ሳቅኩ።

እሱ አልሳቀም። "አንዴ የተቀደደ ቀዳዳ አይመለስም። ጨርቁም አልቋል። ሰርጉ ነገ ነው።"

"እንንገረው።"

"ነገ ሊያገባ? ሲጨነቅ ይዋል? አፍህን ያዝ።"

ሽመልስ ከሚዜው ጋር ሲመጣ ደረጀ ራሱ ኮቱን አለበሰው፣ ራሱ ቆለፈለት። እጁን እንኳ እንዲያነሳ አልፈቀደለትም።

"ኧረ ደሬ፣ ጡጦም ያዝለት" አለ ሚዜው።

"ነገም እኔ ነኝ የማለብሰው። ማንም እንዳይነካብኝ" አለ ደረጀ።

እውነትም በማግስቱ ጠዋት እቤቱ ሄዶ አለበሰው። አዳራሹ ሲሞቅ ሽመልስ ኮቱን ይፈታል፤ ደረጀ ከወንበሩ ተነስቶ ሙሽሮቹ ዘንድ ይወጣና ይቆልፍለታል። ሦስት ጊዜ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት "እንዲህ ያለ ጓደኛ ይስጥህ" አሉኝ። አሜን አልኩ። የቀረበልኝን ክትፎ ግን ወደ ጎን ገፋሁት።

ሳይመሽ ከጦር ኃይሎች ታክሲ ያዝን። ደረጀ መስኮቱን ተደግፎ "ለማንም እንዳትናገር፤ ለእማዬም ቢሆን" አለኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሽመልስን መንገድ ላይ ካየሁት ተሻግሬ አልፋለሁ። ሱቅ ከመጣ ክር ልገዛ ብዬ እወጣለሁ። ሰባት ዓመት።

ለቅሶው ላይ ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ "የደረጀ እጅ ስቶ አያውቅም" ይል ነበር። እኔ ስለዚያ ኮት አስብ ነበር። በሰርጉ ቀን ላብ ያጠመቀው ፊቱ ነው የሚናፍቀኝ፤ እነሱ የሚያወሩለትን ሰው ግን አላውቀውም። ቀና ስል ሽመልስ ያየኛል። ከንፈሩ ላይ ፈገግታ ያለ መሰለኝ። ፈርቼ አንገቴን ደፋሁ።

እና ቅዳሜ ዕለት፣ ኮቱ መሃላችን ተዘርግቶ፣ "ሽመልስ፣ አንድ ነገር ልንገርህ" አልኩት።

"ቀዳዳውን ነው?" አለኝ። "ሰርጉ ባለፈ በሳምንቱ እቤት መጥቶ ነገረኝ እኮ። ሌላ ልስፋልህ አለ፤ እኔና ባለቤቴ ስንስቅ አልሰማነውም። እምቢ አልኩት። አንተ አልነገረህም እንዴ?"

አልነገረኝም። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ በማን ላይ እንደምናደድ ጠፋኝ። ለምን ነበር የደበቀኝ? ረስቶት ይሆን? ወይስ ለሽመልስ መናገር ቀሎት ለእኔ ከብዶት? የምጠይቀው የለም።

"ለቅሶው ላይ 'እጁ ስቶ አያውቅም' ሲሉ አንተን ፈለግኩህ። አብሮኝ የሚስቅ ሌላ ሰው አልነበረማ" አለኝ ሽመልስ።

ቁልፉን በዚያው በተሳሳተው ጎን ሰፋሁለት። ደረጀ ክሩን ከቁልፉ ሥር ሦስት ጊዜ ይጠመጥም ነበር፤ እኔ ሁለቴ ነው ልማዴ። አጠገቡ ያሉትን አይቼ ሦስት አደረግኩት።

ይኸው ዛሬም አልገባኝም። ሰባት ዓመት አብሬው እየዋልኩ ያላወቅኩት ይህ ብቻ ይሁን ሌላም ይኑር አላውቅም። የማውቀው ሽመልስ ኮቱን ሲለብስ እጄ ቀድሞ መሄዱን ነው። ከፊት ለፊቱ ቆሜ ቆለፍኩለት። እሱም አገጩን ቀና አድርጎ፣ እጆቹን ወደ ታች ለቆ፣ እስክጨርስ ጠበቀኝ።